ከማሽኑ ጎን የተለጠፈው ወረቀት

ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ነው። አራቱም ማዕዘኖቹ በቁስል ፕላስተር ተይዘው ቲቢን ከሚመረምረው የጂን ኤክስፐርት ማሽን በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቁጥሮቹ በቀይ እስክሪብቶ፣ የቀረው በሰማያዊ ተጽፏል። «5007 ሲልሽ አክታው አንሷል ወይም በደንብ አልተበጠበጠም። 2008 ሲልሽ ወፍራም ነው፤ ምግብ ካለበት ሌላ አክታ አስመጪ። ኖ ሪዘልት ሲልሽ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂ።» ከታች፣ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበት፣ «ኤረር ማለት ነጌቲቭ ማለት አይደለም!» ይላል።

የጻፈችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የጻፈችላት ደግሞ ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት ያልሞላት የሌሊት ተረኛ ናት። «እኔ ሌሊት የለሁም» አለችኝ። «ማሽኑ ለልጅቷ የሚነግራት ቁጥር ብቻ ነው። የቁጥሩን ትርጉም የሚናገረው መጽሐፍ አለ፤ ግን እንግሊዝኛ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ያንን ማን ያገላብጣል?»

ወረቀቱ የተለጠፈበትን ምክንያት ስጠይቃት ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ከልጅቷ በፊት የነበረ አንድ ተረኛ ማሽኑ ኤረር ሲለው ውጤት እንዳልተገኘ ለማመልከት መዝገቡ ላይ ሰረዝ አደረገ። ሰረዙ እንዳለ ወደ ሪፖርቱ ተገለበጠ። ናሙናውን የላከው ጤና ጣቢያ ሰረዙን እንደ ነጌቲቭ አነበበው። ታማሚው «ቲቢ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እስኪደረስበት ድረስ ስንት ሳምንት እንዳለፈ ነገረችኝ፤ እዚህ መጻፉ ለማንም አይጠቅምም። ሆስፒታሉ በምሥራቅ ጎጃም ካሉት አንዱ ነው፤ ስሙን የማልጠራው ጥፋቱ የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በሌሎች ከተሞች ላቦራቶሪዎችም አይቻለሁ። አንዳንዱ በካርቶን ላይ ነው፣ አንዳንዱ በማሽኑ ገላ ላይ በማርከር ተጽፏል።

ወደዚህ ክፍል ያደረሰኝ ከዚያው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከዲማ የተነሣ አንድ የአክታ ዕቃ ነው።

ልጁ የቅኔ ተማሪ ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ጎጆውን ከአራት ጓደኞቹ ጋር ይጋራል። ጎጆዋ አንድ በር እንጂ መስኮት የላትም። አክታው ተወስዶ በቀዝቃዛ ሣጥን ተሸክፎ ማሽኑ ወዳለበት ሆስፒታል ሄደ። በአገራችን የጂን ኤክስፐርት ማሽን በየጤና ጣቢያው ስለሌለ ናሙናው ነው መንገደኛው፤ በዚህ ሥራ የኢትዮጵያ ፖስታ ጭምር ተሰማርቶ ዓመታት አልፈዋል። ከሁለት ቀን በኋላ የተመለሰው ግን ውጤት ሳይሆን «ድገሙ» የሚል መልእክት ነው። ስክሪኑ 5007 ብሎ ነበር። ልጁ ተጠርቶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ሁለተኛ አክታ እስኪሰጥና እስኪመረመር ሳምንቱ አለቀ። ያን ሁሉ ሌሊት ከአራቱ ጓደኞቹ ጋር በአንድ ጎጆ አደረ።

ስለ ሕክምና መሣሪያ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ዋጋውን፣ ፍጥነቱን፣ አለመበላሸቱን ነው። እኔ ግን በዚያ ክፍል ቆሜ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። አስተዋይ ነበር፤ ናሙናው እንደማይሆን አውቆ የሐሰት ውጤት አልሰጠም። የጎደለው ያወቀውን ለሰው የሚናገርበት አፍ ነው። ስክሪኑም የምርመራው አካል ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለ ስህተት ሪኤጀንት በሚባለው የመመርመሪያ ኬሚካል ውስጥ ካለ ስህተት እኩል ሰው ይጎዳል።

5007 ምን እንደሆነ ለማየት የማሽኑን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። አክታው እጥፍ መጠን ባለው ማቅጠኛ ፈሳሽ ይበጠበጥና 15 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ካርትሪጅ በሚባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል። ካርትሪጁ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ የድምፅ ሞገድ የባክቴሪያውን ሽፋን ይሰባብራል፤ ዘረመሉ ይወጣል፤ በሙቀት እየተባዛም ይሄዳል። የቲቢው ዘረመል ካለ፣ እሱን ፈልገው የሚይዙ ሞለኪውሎች ብርሃን ይሰጣሉ። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ማሽኑ በዚያው ይናገራል። ማባዛቱ ከመጀመሩ በፊት ግን ማሽኑ እነዚያ ሞለኪውሎች በቦታቸውና በመጠናቸው መኖራቸውን ይፈትሻል። ፈተናውን ካላለፉ ሥራውን አቁሞ 5007 ይላል። 2008 ደግሞ ፈሳሹ በቀጭኑ ቧንቧ አላልፍ ብሎ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የሚመጣ ነው፤ ወፍራም አክታ ወይም የምግብ ፍርፋሪ ዋናው ሰበቡ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ማሽን «አክታው ወፍሯል፤ እንደገና በጥብጠሽ በአዲስ ካርትሪጅ ድገሚ» ለማለት ምን ይሳነዋል? ምንም። ያንን ዐረፍተ ነገር የጻፈችው ግን ባለሙያዋ ናት፤ በእስክሪብቶ፣ በደብተር ወረቀት ላይ።

የማሽኑን ጥቅም ማሳነሴ እንዳይመስል። በማይክሮስኮፕ የቲቢ ባክቴሪያ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ ብዙ ጊዜም እስከ 10,000 ባክቴሪያዎች ያስፈልጋሉ። አልትራ የተባለው አዲሱ ካርትሪጅ 16 ገደማ ይበቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት ቴክኖሎጂውን በ2003 ዓ.ም. ሲቀበለው ለሳምንታት ይጠበቅ የነበረውን የመድኃኒት መላመድ መልስ በሁለት ሰዓት ውስጥ አደረሰው። የካርትሪጁ ዋጋ እንደ እኛ ላሉ አገሮች በ2004 ዓ.ም. ወደ 9.98 ዶላር፣ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ወደ 7.97 ዶላር ወረደ። ለዚህ ቅናሽ ብዙ ድርጅት ተደራድሯል፣ ብዙ ገንዘብ ፈስሷል። በስክሪኑ ጉዳይ የተደራደረ መኖሩን ግን አልሰማሁም። መብራት ሲጠፋና ምርመራው ሲቋረጥ፣ ወይም አክታው ሳይበጠበጥ ሲገባ የሚጣለው ካርትሪጅ ያው በዶላር የተገዛው ነው።

የቃላቱም ነገር አለ። ማሽኑ ሦስት ዓይነት «አልሆነም» አለው። «ኢንቫሊድ» ሲል በካርትሪጁ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ አልሠራም ማለቱ ነው። «ኤረር» ሲል ሥራው መሐል ላይ ተሰናክሏል። «ኖ ሪዘልት» ሲል በመብራት መጥፋት ወይም ሰው በማቆሙ የተሰበሰበው መረጃ አልበቃም። ለመሐንዲሱ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ለታማሚው ግን አንድ ናቸው፤ ገና አልተመረመረም። ይኸን የመጨረሻውን፣ ዋናውን ነገር ስክሪኑ በግልጽ አይናገርም። አልትራ ከመጣ ወዲህ ደግሞ «ትሬስ» የሚል ታክሏል፤ እጅግ ጥቂት ባክቴሪያ ተገኝቷል ለማለት ነው። ከጎኑ የሪፋምፒሲኑ መልስ «ኢንዲተርሚኔት» ይላል፣ አልታወቀም እንደማለት። በሕፃናትና ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎች «ትሬስ» ሕክምና ለመጀመር በቂ ነው። ዐይኑ መጀመሪያ «አልታወቀም» የሚለው ላይ ያረፈ ተረኛ ግን ሁሉም እንዳልታወቀ ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል።

ዲማ የሄድኩት ልጁን ለመጠየቅ ነበር። ብዙው አንባቢ ዲማን የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ደራሲው ራሱ በልጅነቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀመሰባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ከብቸና ብዙ አትርቅም። ዲማ ጊዮርጊስን የከበቡት ጎጆዎች ዛሬም የተማሪ ድምፅ አለባቸው፤ ጠዋት ከጤፉ ማሳ ላይ ጉሙ ሳይነሣ ቅኔ ሲቆጠር ይሰማል።

የልጁ መምህር፣ የኔታ፣ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። ልጁ መድኃኒት መጀመሩን ነገሩኝ። ከዚያ ወሬ ወሬን እያነሣ፣ ከማኅደሩ አውጥተው የብራና መጽሐፍ አሳዩኝ። ከማሽኑ ክፍል በቀጥታ ስለመጣሁ ይሆናል፣ ዐይኔ ገጹን እንደ ስክሪን ያየው ጀመር። ሁለት ዓምድ አለው፤ ዳርና ዳሩ ሰፊ ነው፤ መስመሩ ቀለም ሳይነካው ብራናው ላይ ተጭኖ ተሠምሯል። እዚህም እዚያም ቀይ ቀለም አለ።

«የኔታ፣ ቀዩ ለጌጥ ነው?»

«ለጌጥስ ሐረጉ አለልህ፣ ልጄ። ቀዩ ለአንባቢው ነው። ካህኑ የሚያነበው ሌሊት ነው፣ በጧፍ ነው፣ ቆሞ ነው፣ ጾሞ ነው። ዐይኑ ከመስመር ቢስት ወዲያው እንዲመለስ፣ የቅዱሳኑ ስም ሲደርስ እንዳያልፈው፣ አዲሱ ንባብ የቱ ጋ እንደጀመረ እንዳይጠፋው ነው።»

ከገጹ ዳር የተሰፉ ትንንሽ ክሮችም አሉ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። «ይችን ያዝና ክፈት» አሉኝ። ያዝኳት፤ መጽሐፉ በዚያው ቦታ ተከፈተ። ምዕራፍ መጀመሪያ ነበር። ጨለማ ውስጥ በጣት ብቻ የሚገኝ ምልክት። «ጸሐፊው ይኸን ሁሉ የሚያስበው ለምንድን ነው?» ብላቸው፣ «እሱም ቆሞ አንብቧላ!» አሉ፣ ጥያቄዬ እንደገረማቸው ሁሉ። «ቆሞ ያላነበበ ጸሐፊ ቆሞ ለሚያነብ አይጨነቅም።»

ይህን ቃል ይዤው ተመለስኩ። የላቦራቶሪ ስክሪን የሚነድፉ ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ ግን ስንቶቹ ሌሊት ተረኛ ሆነው ያውቃሉ? ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ዩፒኤሱ ሲጮህ፣ ደጅ ላይ አስታማሚ ቆሞ «እኅቴ፣ ደረሰልን?» ሲል፣ በሁለት ጓንት በታሸገ ጣት ትንሿን ቁልፍ ለመጫን ሞክረው ያውቃሉ? የብራናው ገጽ የተነደፈው ለደከመ ሰው ነው። ቀለሙም ብቻውን አልተተወም፤ ቀዩ ያለበት ቦታ ላይ ቃሉም አለ፣ የመስመሩም አጀማመር አለ። ማሽን ላይ ቀይና አረንጓዴ መብራት ብቻ ትርጉም ሲሸከም ሁለቱን ቀለማት የማይለይ ዐይን ያለው ባለሙያ ምን ያደርጋል? እንዲህ ያለ ዐይን በተለይ በወንዶች ዘንድ ብርቅ አይደለም።

ወደ ሆስፒታሉ ስመለስ ባለሙያዋን ሌላ ምን እንደሚያስቸግራት ጠየቅኋት። ስለ ኤረር ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ጳጉሜን» አለችኝ።

ከደም መቁጠሪያው ማሽን ፊት አቆመችኝ። የታማሚው መረጃ መሙያ ላይ የትውልድ ቀን ይጠይቃል። አንዲት እናት ልጇ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደተወለደ ትናገራለች። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ አይቀበልም። እኛ የምናውቀው ያ ቀን በእሱ ቁጥር ሴፕቴምበር 8፣ 2023 ነው። ይህን በቃሏ አስልታ የምታስገባ ባለሙያ ስንት ትገኛለች? ሰልፉ ረጅም ሲሆን ወሩ ወደ ነሐሴ ይቀየርና ዓመቱ እንዳለ 2015 ተብሎ ይገባል። ያን ጊዜ የሁለት ዓመቱ ሕፃን በማሽኑ ዘንድ የአሥር ዓመት ልጅ ይሆናል። የሁለት ዓመት ሕፃንና የአሥር ዓመት ልጅ ደም በአንድ መስፈርት አይለካም፤ ለአንዱ ጤና የሆነው ቁጥር ለሌላው በሽታ ነው። ማሽኑ የሚያወዳድረው ግን በተሰጠው ዕድሜ ነው፤ ሳያመነታ።

የሪኤጀንቱም የአገልግሎት ማብቂያ እንዲሁ ነው። የማሽኑ ኮምፒዩተር ቀኑ ተዛብቶ ወይም አንድ ሰው «ለማስተካከል» ብሎ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2018 ካደረገው፣ በ2026 እ.ኤ.አ. የሚያበቃ ዕቃ ገና ስምንት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ማስጠንቀቂያው ዝም ይላል። ሰዓቱም አለ። መዝገቡ «ናሙና የተወሰደበት 3:00» ይላል፤ ማሽኑ ያተመው ወረቀት «የተመረመረበት 09:20» ይላል። 20 ደቂቃ ነው የቆየው፤ ለማያውቅ ሰው ግን ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀምጦ የተበላሸ ናሙና ነው።

ስምስ? ማሽኑ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። አንዱ ባለሙያ የአባቱን ስም በዚያ ቦታ ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው የታማሚዋን ስም ራሱን ይደግመዋል። በሁለተኛው ጉብኝቷ ሴትዮዋ ለማሽኑ ሌላ ሰው ናት። በላቲን ፊደል መጻፍ ግዴታ ሲሆን ደግሞ አንዷ ዓለምፀሐይ በአራት በአምስት መልክ ትመዘገባለች። በራሳችን ፊደልም ቢሆን ሥራ አለ። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም ድምፁ ሳይለወጥ በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል ቆጥሬ አየሁ፤ የመጀመሪያው ፊደል አራት፣ «ፀ» ሁለት፣ «ሐ» ስድስት አማራጭ አላቸው። 48 መንገድ። «ፀ»ን ሲሉት «ጸ»ን የማይፈልግ የስም ዝርዝር ታማሚዋን በ47ቱ ሊያጣት ይችላል። ይህ ግን መፍትሔው የታወቀ ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲፈልግ ድምፀ ተመሳሳዮቹን እንደ አንድ ይቁጠራቸው፣ ሲጽፍ ግን ባለቤቷ እንዳለችው ይተዋቸው። በቃ።

«ቴክኒኩ አይፈቅድም» የሚል ካለ አይታመን። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ የፊደል መዝገብ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሩብ ክፍለ ዘመን አልፏል። ጤና ሚኒስቴራችን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ጳጉሜንንም ጭምር። ያ ሥርዓት የሚመራው ከኖርዌይ ነው።  የላቦራቶሪ ማሽን ሻጮችን ግን እንዲህ ያለ ነገር የጠየቃቸው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ከቁጥሩ ጎን የምትቆመው ትንሿ ፊደል ናት። ደም መቁጠሪያው ውጤቱን ሲያትም ከልክ ያነሰውን «ኤል»፣ ከልክ ያለፈውን «ኤች» ይላል። ዓይን ከቁጥሩ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ልኩን ማን ለካው?

አንዲት ነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢኗ 11.4 ሆነ እንበል። ማሽኑ ለአዋቂ ሴት የተሰጠው ዝቅተኛ ልክ 12 ከሆነ «ኤል» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር ያስቀመጠው የቆየ ልክ 11 ስለሆነ በዚያ መስፈርት ደህና ናት። ግን የምትኖረው ደጋ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሰውነት ደሙን ያበዛል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ድርጅቱ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት ሠንጠረዥ በ2,500 ሜትር ላይ 1.3 ቀንሱ ይል ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ከልሶታል። በአሮጌው ስሌት 11.4 ሲቀነስ 10.1 ነው፤ እናትየዋ ደም አንሷታል። ነገሩ በዚህም አላበቃም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ባሕር ዳርቻ ሰው። በአንዲስ ተራሮች ላይ እንደሚታየው ደማቸው አልወፈረም። እንግዲህ የሌላ አገር ደገኛ የተለካበት ቅናሽ ለእኛ ደገኛ በትክክል ይሠራል ወይ የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው። ከዚያም በፊት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በሆላንድ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ውስጥ ኤችአይቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር ከሆላንዳውያን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጤነኛ ናቸው፤ ግን በሌላ ሰው ልክ ሲለኩ የጎደሉ ይመስላሉ።

ስክሪኑ ይህን ሁሉ ክርክር ይፍታልን አልልም። አንድ ነገር ግን ሊያደርግ ይገባል፤ «ኤል» ሲል በየትኛው ልክ እንደሆነ ከጎኑ ይጻፍ። ልኩንም አገሩ፣ ሆስፒታሉ፣ ባለሙያው በቀላሉ መቀየር ይቻለው፤ ማን መቼ እንደቀየረውም ተመዝግቦ ይታይ። ዛሬ በብዙ ማሽን ላይ ያ ልክ የሚገኘው በይለፍ ቃል በተዘጋ ሜኑ ውስጥ ነው፤ ይለፍ ቃሉ የተሰጠው ማሽኑን ለተከለው ቴክኒሺያን ነው፤ ቴክኒሺያኑ አዲስ አበባ ነው።

በዓለም ላይ ይህ ትምህርት በውድ ዋጋ ተገዝቷል። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ቴራክ 25 የተባለ የካንሰር ጨረር ማሽን ስድስት ታማሚዎችን ከታዘዘላቸው እጅግ በበለጠ ጨረር መታቸው፤ ሞት አስከትሏል። የሶፍትዌር ጥፋት ነበር። ግን ስክሪኑም ድርሻ ነበረው። በአንዳንዶቹ አደጋዎች የጻፈው የስህተት መልእክት «ማልፈንክሽን 54» ብቻ ነበር። ኦፕሬተሮቹ እንዲህ ያለ ቁጥር በየቀኑ ስለሚያዩ ቀጥል የሚለውን ቁልፍ መጫን ለምደው ነበር። መመሪያው መጽሐፍ 54 ምን እንደሆነ አያስረዳም። አንድ ታማሚ ውስጥ ሆኖ እየተቃጠለ፣ ውጭ ያለችው ኦፕሬተር ቁልፉን ደግማ ተጫነች።

54 እና 5007 በአደጋቸው አይወዳደሩም። በአጻጻፋቸው ግን አንድ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ደረጃና መመሪያ ወጥቷል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 62366 የተባለውን ደረጃ በ2007 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2015 ከልሶታል፤ አምራቹ መሣሪያውን ማን፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ እንዲያጠና፣ በተጠቃሚዎቹም እጅ እንዲፈትነው ያዝዛል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤትም በ2016 ባወጣው መመሪያ ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ወገን ቢያንስ 15 ሰዎች እንዲፈትኑት ይመክራል። መልካም ነው። ግን «የት» የሚለው ላይ ማን አለ? ፈተናው ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ማሽኑ በሚመረትበት አገር ነው። መብራት በማይጠፋበት፣ ወሩ አሥራ ሁለት በሆነበት፣ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ባለው አገር የተፈተነ ስክሪን ፈተናውን አለፈ ተብሎ እኛ ጋ ይመጣል።

ባለሙያዋን «አንቺ ብትነድፊው ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ወረቀት ጠየቀችኝ። ሣጥን ሣለች። በሣጥኑ አናት ላይ በትልቁ ከሦስት አንዱን ጻፈች፤ «ቲቢ ተገኝቷል»፣ «ቲቢ አልተገኘም»፣ «አልተመረመረም፤ ድገሚ»። ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ምን ማድረግ እንዳለባት። ቁጥሩን ታች፣ በትንሹ፣ «ለጥገና ሰው» ብላ አስቀመጠችው። «ሦስተኛው ሲመጣ» አለች፣ «ውጤት ማተሚያው ይዘጋ። ሰረዝም መጻፍ እንዳይቻል።» ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አደረገችው፤ የእኛን ከላይ። ለዕድሜም ሌላ መንገድ አበጀች፤ «የትውልድ ቀን የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ ዓመትና ወር ብቻ ጠይቆ ይመንልኝ።» አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ወረቀቱን አጥፌ ማስታወሻዬ ውስጥ ከተትኩት።

እኔ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ዲጂታል ጤና ብዙ ስላይድ አይቻለሁ። ከዚያች ገጽ የሚበልጥ አላስታውስም።

ስለዚህ የምለምነው ይኸን ነው። መሣሪያ የሚገዛው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትና የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጨረታውና በፈቃዱ ሰነድ ውስጥ ስለ ዋጋና ስለ ጥራት ከሚጽፉት እኩል ስለ ስክሪኑ ይጻፉ፤ አሥራ ሦስተኛውን ወር ይቀበል፣ የአባትን ስም እንደ አባት ስም ይመዝግብ፣ የስህተት መልእክቱ በአማርኛና በሌሎቹም የሥራ ቋንቋዎቻችን ምን እንደሚደረግ ይናገር፣ ልኩን የሚቀይረው ሜኑ ለአገሩ ባለሙያ ይከፈት። ግዢው ከመፈረሙ በፊትም ማሽኑ አንድ ሳምንት እንደዚህ ባለ ሆስፒታል፣ በሌሊት ተረኛ እጅ ይፈተን። በጅማ፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ምሕንድስና የሚማሩ ወጣቶች፣ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የሚማሩት፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ፣ በየላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ሰብስቡ። ባለሙያ የጻፈው እያንዳንዱ መስመር አንድ ማሽን ያልተናገረው ነገር ነው።

የዲማው ልጅ ሁለተኛ አክታ ቲቢ እንዳለበት፣ ባክቴሪያው ግን ሪፋምፒሲንን እንዳልተላመደ አሳይቷል። የስድስት ወር መድኃኒቱን ጀምሯል። አራቱ ጓደኞቹም እንዲመረመሩ ተጠርተዋል። የጨረታ ሰነድ የምትጽፉ ሰዎች፣ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሌሊት ከተረኛዋ ጋር ተቀመጡ። ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ።